ኦቦ ባጫ ጭድ የከመሩበት በር

ያን ሐሙስ ዕድላዊት የተነሣችው ወፍ ሳይንጫጫ ነው። ፎጣዎቹን በየልጁ ስም በየሚስማሩ ላይ ሰቀለች። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑን ከፍታ ፋሻውን ቆጠረች፣ ዘጋችው፣ ደግሞ ተመልሳ ከፈተችው። የእሳት ማጥፊያውን አቧራ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ሶኬቶቹ ላይ የገጠመችውን የፕላስቲክ ክዳን አንድ በአንድ በጥፍሯ ሞከረች፤ አንዱም ንቅንቅ አላለም። ልቧ ግን ከደረቷ ልትወጣ ምንም አልቀራት።

ለምን አትወጣ? ከከተማው ቢሮ ተቆጣጣሪ የሚመጣበት ቀን ነው። ቡራዩ፣ ከታ ሰፈር ውስጥ የከፈተችው የሕፃናት ማቆያ ዛሬ ወይ ፈቃድ ያገኛል ወይ ይታሸጋል፤ መሀል ላይ የሚባል ነገር የለም። ሰውዬው ከወር በፊት መጥቶ ሃያ ሦስት ነጥብ ያለበት ቅጽ ሲሞላ ውሎ ነበር። መጸዳጃው፣ የመስኮቱ ቁመት፣ የሚጠጣው ውኃ፣ የተንከባካቢዎቹ ጤና፣ ሃያ ሁለቱ አለፉ። ሃያ ሦስተኛው ወደቀ። ሃያ ሦስተኛው ሁለተኛ መውጫ በር ነው፤ ከዋናው በር ራቅ ያለ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ በጎረቤት መሬት ላይ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ጎረቤቱ ፈቅዶ የፈረመበት። «ከአንድ ወር በኋላ እመለሳለሁ። ካልተሟላ አሽጌ ነው የምሄደው» ብሏት ሄደ። እንዲህ ያለውን ነገር ድምፁን ዝቅም ከፍም ሳያደርግ የሚናገር ሰው ነው።

ልጆቹ ዐሥራ ሁለት ናቸው። እናቶቻቸው የአዲስ አበባ ኪራይ አልቀመስ ሲላቸው ቡራዩ የገቡ፣ ጎሕ ሳይቀድ ሚኒባስ ተጋፍተው ወደ ፋብሪካው፣ ወደ ሆስፒታሉ፣ ወደ ቢሮ ጽዳቱ የሚሮጡ ሴቶች ናቸው። ማቆያው ቢታሸግ ልጁን ለማን ትተው ይሄዳሉ? ኡሙልኸይር የምትባለው፣ የአራት ዓመቷ የሚርያም እናት፣ ሰኞ ዕለት ልጇን አስረክባ ስትወጣ «ቤቱ ከታሸገ እኔንም አብረው አሸጉኝ በይ» ብላት ነበር። ብላት የሄደችው እየሳቀች ነው፤ ሳቋ ግን ለዕድላዊት ሳቅ አልመሰላትም።

ደንቡ በዛ፣ ለልጅ ጥበቃ ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚሉ ሞልተዋል። ዕድላዊት ከእነሱ ወገን አይደለችም። አዲስ አበባ ዐሥር ዓመት በሠራችበት መዋዕለ ሕፃናት አንድ ቀን ማድ ቤቱ በእሳት ተያይዞ፣ አንድ በር ብቻ ባለው ክፍል ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ልጅ ይዛ ቆማ ታውቃለች። ሁሉም ወጡ፣ ፈጣሪ ይመስገን። እሷ ግን እስከ ዛሬ አንድ በር ያለው ክፍል ስትገባ አየር ያጥራታል። በሩን የምትፈልገው ለተቆጣጣሪው ዓይን ብላ ብቻ አልነበረም።

በሩማ አለ። አከራይዋ ፈቅዶላት ግንበኛው ሱሩር የጓሮውን ብሎኬት ፈልፍሎ የብረት በር ገጥሞላታል። አስቸጋሪው ነገር ከበሩ ማዶ ያሉት ኦቦ ባጫ ናቸው።

ኦቦ ባጫ ሶያማ ከአባታቸው የወረሱትን መሬት የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ድሮ እርሻቸው እስከ አስፋልቱ ይደርስ ነበር አሉ፤ አሁን በሦስት ወገን ቤት ከቦት ጤፍ የሚዘሩባት አንዲት ቁራሽ ቀርታለች። ጊዜው ደግሞ ታኅሣሥ 2008 ነው። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ዙሪያውን ያሉትን ከተሞች ሊጠቀልል ነው ተብሎ ሰበታው፣ ሱሉልታው፣ ቡራዩው ሁሉ ታምሷል፤ ሰው ይታሰራል፣ ሰው ይሞታል። መሬት ያለው ሰው ወረቀት የያዘ ሰው ባየ ቁጥር ሆዱ ይርዳል። ኦቦ ባጫ ደግሞ ከሌላው የባሰ ምክንያት አላቸው። ታላቅ ወንድማቸው የውኃ መስመር ሊያልፍ ነው ተብሎ አንድ ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈ፤ ዓመት ሳይሞላ መሬቱ ላይ የማያውቀው ሰው ፎቅ ቆመበት። ከዚያ ወዲህ ኦቦ ባጫ ጣቴ ወረቀት አይነካም ብለው ምለዋል።

ዕድላዊት ሦስት ጊዜ ሄዳ ለምናቸዋለች። በሦስተኛው ጊዜ በምታውቃት ትንሽ ኦሮምኛ ጀመረች።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ባጫ?»

«ነጋያ። አንቺስ፣ ልጄ?»

«ደኅና ነኝ። ለበሩ ነው እንደገና የመጣሁት። አደጋ ሲመጣ ብቻ ነው ልጆቹ የሚያልፉበት፤ በሌላ ቀን ማንም መሬትዎን አይረግጥም። አንቱ ካልፈረሙልኝ ቤቱን ይዘጉብኛል።»

ኦቦ ባጫ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፤ ሲዘፍኑ እዚህ ድረስ ይሰማኛል» አሏት። «ግን ዛሬ የልጆች በር ይሉኛል። ነገ መንገድ ይሉታል። ከነገ ወዲያ መንገዱ የመንግሥት ነው ብለው ይመጣሉ። ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂ።»

እሱ ብቻ አልበቃቸውም። በሳምንቱ ጤፋቸውን ወቅተው እንደጨረሱ ጭዱን ተሸክመው አምጥተው አዲሱ በር ላይ ከመሩት። ያ ሁሉ ቦታ እያለ! ሱሩር የተባለውን ሰምቶ በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጎ ነበር የገጠመው፤ ጭዱ ሲከመርበት በሩ ከግድግዳው አልተለየም። የደንቡን ቅጽ ቁጭ ብለው አንብበው ያደረጉት እስኪመስል ድረስ።

ሁለት ሰዓት ላይ ከዐሥራ ሁለቱ ልጆች ዘጠኙ መጡ። የቀሩትን እናቶቻቸው ፈርተው አላመጧቸውም። አብራት የምትሠራው ሃዋ በቆርቆሮው የውጭ በር ቀዳዳ አሻግራ እያየች ቆየች። ሃዋ የተጂ ከተማ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ የሰፈሩን ወሬ ከዕድላዊት በግማሽ ቀን ቀድማ ታውቃለች።

«አስፋልቱ ተዘግቷል» አለች። «ጎማ እያቃጠሉ ነው። ሰውዬሽ ዛሬ አይመጣም።»

«ይመጣል። ደረቅ ነው እሱ።»

«ባይመጣ ይሻልሻል። ያን ጭድ ምን ብለሽ ልታስረጂው ነው?»

ዕድላዊት ገብታ ልጆቹን እጅ ማስታጠብ ጀመረች።

አራት ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። መልከጼዴቅ ነው፤ ተቆጣጣሪው። ሚኒባስ ስላልነበረ በእግሩ መጥቷል፤ ኮቱ በላብ ርሷል፣ ቢጫው ሜትር ወገቡ ላይ ተሰክቷል፣ ቅጹ ብብቱ ውስጥ ነው።

«አቶ መልከጼዴቅ፣ በዚህ ቀን በእግርዎ?»

«ቀጠሮ ቀጠሮ ነው፣ ወይዘሮ ዕድላዊት። ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ በርዎ ዐሥራ ስምንት ሜትር ከሃያ። አልፏል።»

አሁን ልብ በሉ። ይኼ ሰው ከመግባቱ በፊት ውጭ ቆሞ ርቀት ሲለካ ነበር። የሜትሩን ጫፍ የሚይዝለት ሰው ስላጣ ከቦርሳው ችካል አወጣ፤ በመዶሻ መንገዱ ዳር ተከለው፤ ሜትሩን ከሱ ላይ አንጠልጥሎ እየዘረጋ እስከ በሩ መጣ። በዚያ ሰሞን! ቡራዩ ላይ! መሬታችንን ሊለኩብን ነው ተብሎ አገር በተነሣበት ሳምንት፣ ጎማ ከሚቃጠልበት ቦታ መቶ እርምጃ ላይ ችካል ተክሎ ሜትር ዘረጋ። ክፉ ሰው አይደለም። ቅጽ ከያዘ ግን ከቅጹ ሌላ የማይታየው ሰው ነው። ችካሉን እንኳ ሳይነቅል ገባ።

ዕድላዊት ይህን አላወቀችም። የምታውቀው ሥራውን በደኅና እንደጀመረ ነው። የመስኮቱን ቁመት ለካ። ሳሙናውን አሸተተ። የመድኃኒት ሣጥኑ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ መሰቀሉን በክንዱ ሞከረ። ትንሿ ሚርያም የሜትሩን ጫፍ ይዛ አልለቅም አለች።

«እኔንም ለካኝ።»

«አንቺ ቅጹ ላይ የለሽም» አለ መልከጼዴቅ። ከዚያ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየና ጎንበስ ብሎ ለካት። «ዘጠና ስምንት» አለ፤ ከልማድ ብዛት ሊጽፈው እስክሪብቶውን አንሥቶ ነበር። ዘጠኙም ልጆች ተሰለፉ። ሃዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳቀች፤ ዕድላዊትም ሳታስበው ሳቀች። ለአንድ አፍታ ሁሉም ነገር የሚያልፍ መስሏት ነበር።

«እሺ። ሃያ ሦስተኛው» አለ።

ወደ ጓሮው በር ሄደ። መቀርቀሪያውን ሳበ፣ ገፋ። በሩ አልሄደም። በትከሻው ገፋ። አሁንም አልሄደም።

«ከወዲያ በኩል ምንድን ነው ያለው?»

«ጭድ ነው» አለች ዕድላዊት።

«የማን?»

«የጎረቤት።»

«ፈርመዋል?»

«አልፈረሙም።»

መልከጼዴቅ ቅጹን አየ፤ በሩን አየ፤ ከዚያ ከቦርሳው የማሸጊያውን ወረቀትና ኮላ አወጣ። «አዝናለሁ» አለ። እውነትም ማዘኑ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ እጁ ግን ኮላውን እየከፈተ ነው። ዕድላዊት ግድግዳውን ተደገፈች። ማታ ለዐሥራ ሁለት እናት የምትለውን ማሰብ ጀመረች።

የመጀመሪያው ድንጋይ የቆርቆሮውን በር የመታው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛው ተከተለ፤ ከዚያ መቁጠር ቀረ። ሃዋ ሮጣ በቀዳዳው አየችና ተመለሰች።

«ዕድል፣ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ በር ላይ ነው።»

«ምን ፈልገው?»

«መሬት የሚለካው ሰውዬ እዚህ ገብቷል፣ አውጡልን ነው የሚሉት። ችካሉን ነቅለው ይዘውታል።»

«የኔን ችካል?» አለ መልከጼዴቅ። ከዚያ ነገሩ ገባው። ኮላው ከእጁ ወድቆ ተንከባለለ።

ዕድላዊት ወጥታ ልታስረዳቸው ወደ ውጭው በር ሁለት እርምጃ ሄዳ ነበር፤ ሦስተኛውን አልሄደችም። ከአስፋልቱ በኩል ዷ፣ ዷ የሚል ድምፅ ተሰማ። አስለቃሽ ጭስ ነው። ንፋሱ ደግሞ ወደነሱ ነበርና ነጩ ጭስ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ ግቢው ውስጥ ገባ። ከውጭ ያሉትም ከጭሱ ሊሸሹ የቆርቆሮውን በር መደብደብና መግፋት ጀመሩ። ያ በር ቢከፈት ያ ሁሉ ሰው በሕፃናቱ ላይ ነው የሚወርደው። ባይከፈት መውጫ የለም። ቤት ውስጥ አንድ ልጅ አሳለው፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ።

«ገመድ» አለች ዕድላዊት።

ያችን ቃል ልጆቹ ያውቋታል። በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ይለማመዷታል። ዐሥራ ሁለት ቋጠሮ ያለው ረጅም ገመድ አላት፤ «ገመድ» ስትል እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ቋጠሮ ይይዛል፤ አይለቅም፤ አይቀድምም። ሃዋ ፎጣዎቹን ከየሚስማሩ እያወረደች ባልዲው ውስጥ ነከረች፣ በየአፍንጫቸው ላይ አደረገች። ዕድላዊት ቋጠሮውን ያልያዘ ልጅ እንዳይኖር በዓይኗ ቆጠረች። መልከጼዴቅ ደግሞ፣ በዚያ ሁሉ መሀል፣ «ገመድ» የሚለውን ሲሰማ ሰዓቱን ይዞ መቁጠር ጀመረ። ምን ይደረግ፣ ልማድ ነው።

ሦስቱም የጓሮውን በር ገፉት። ሁለት ጣት ያህል ተከፈተና ቆመ። በክፍተቱ የሚታየው ጭድ ብቻ ነው። ሃዋ አፏን ክፍተቱ ላይ አድርጋ ኦቦ ባጫንና ሚስታቸውን እየጠራች ጮኸች።

«አዴ ጠጅቱ! ኦቦ ባጫ! ኢጆሌቱ ኬሰ ጂራ! ልጆቹ ውስጥ ናቸው!»

ጭዱ አልተነቃነቀም። ከፊት ለፊት የቆርቆሮው በር ማጠፊያ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ዕድላዊት አየር አጠራት። ያ የድሮው ክፍል፣ ያ አንድ በር መጣባት፤ ልጆቹ ባያዩዋት ኖሮ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ተንበረከከችና አፏን ወደ ክፍተቱ አስጠጋች። አልጮኸችም። ከበሩ ማዶ ሰው እንዳለ ሲተነፍስ ይሰማታል።

«ኦቦ ባጫ፣ እዚያ እንዳሉ አውቃለሁ። አልፈርምም ካሉ አይፈርሙ። ቤቴ ይታሸግ። ዛሬን ብቻ ይክፈቱልኝና ነገ በሩን ራሴ በብሎኬት እደፍነዋለሁ። በልጆቹ እምላለሁ።»

አጠገቧ ያለችው ሚርያም ፎጣዋ ውስጥ ሳለች፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳለች። ከማዶ መንሹ ጭዱ ውስጥ ሲሰካ ተሰማ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ እየፈጠነ። የአዴ ጠጅቱም ድምፅ መጣ፤ ባላቸውን በኦሮምኛ እየተቆጡ ጭዱን በሁለት እጃቸው እያቀፉ ይወረውራሉ። በሩ አንድ ክንድ ተከፈተ። በቃ፣ ልጅ ያስወጣል።

«አንድ» አለች ዕድላዊት፤ ቆጠረች። «ሁለት። ሦስት።» ኦቦ ባጫ በላብ ተጠምቀው፣ ጭድ ጺማቸው ላይ ተጣብቆ፣ እያንዳንዱን ልጅ በብብቱ አንሥተው ከጭዱ ወዲያ ያሳርፉታል። «ዘጠኝ።» ከልጆቹ ኋላ ሃዋና ዕድላዊት ወጡ። ዐሥራ ሁለተኛውን ቋጠሮ የያዘው መልከጼዴቅ ነበር፤ እሱም እንደ ልጆቹ ሳይቀድም ሳይለቅ በመጨረሻ ወጣ።

ከአጥሩ ወዲያ ጭሱ አልደረሰም። በኦቦ ባጫ አውድማ ላይ ልጆቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ አዴ ጠጅቱ የልጆቹን ዓይን በውኃ ያጥባሉ። ሚርያም ሳሏ ጋብ ሲልላት ጭዱ ላይ ዘለለች። ስምንቱም ተከተሏት። ከሞት አፍ የወጡ ሳይሆን ለሽርሽር የመጡ ነበር የሚመስሉት። ዕድላዊት ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ደስ ብሏት ነው ያለቀሰችው፤ እያለቀሰች ደግሞ ትስቃለች።

ሳትጨርስ ወጣቶቹ በጎን በኩል አጥሩን ጥሰው መጡ። ሃያ ይሆናሉ። ከፊት ያለው ዲሪርሳ ነው፤ የኦቦ ባጫ የእኅት ልጅ፣ ዘንድሮ ትምህርት ቤት የሚጨርስ። በአንድ እጁ ድንጋይ፣ በአንድ እጁ ችካሉን ይዟል።

«ዲሪርሳ፣ ድንጋዩን ጣል። ሕፃን አለ» አሉ ኦቦ ባጫ።

«ኤሱማ» አለ ዲሪርሳ፤ የእናቱን ወንድም ነውና የሚጠራው። ድንጋዩን ጣለ። «ይኼ ሰውዬ መሬት ሲለካ በዓይናችን አይተነዋል። ችካሉ ይኸው።»

ኦቦ ባጫ ወደ መልከጼዴቅ ዞሩ። መንሹ እጃቸው ላይ ነው። ፊታቸው ጭድ ከበሩ ሲያነሣ የነበረው ሰው ፊት አልነበረም። «አንተ፣ ምን ስትለካ ነበር?»

መልከጼዴቅ ምራቁን ዋጠ። «ከመኪናው መንገድ እስከ ልጆቹ በር ያለውን ርቀት። ዐሥራ አምስት ሜትር መሙላት አለበት። ልጅ ሮጦ ቢወጣ መኪና ላይ እንዳይወድቅ ነው።»

«ውሸት ነው» አለ አንዱ ከኋላ። ዲሪርሳ ቅጹን ነጠቀና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ መሬት የሚለውን ቃል ሊያገኝበት ነው። «ነጥብ አንድ፤ ለአምስት ሕፃናት አንድ ፖፖ መኖሩ።» ቆመ። ቀጠለ። «ነጥብ ሁለት፤ ፖፖው ከተጠቀሙበት በኋላ የሚታጠብ መሆኑ።» ከኋላ አንዱ ሳቁን ለቀቀው። «ነጥብ ስድስት፤ የተንከባካቢዋ ጥፍር የተቆረጠ መሆኑ።» ሃያ ወጣት ወደ ሃዋ እጅ ዞረ። ሃዋ ዐሥሩንም ጣቶቿን ዘርግታ አሳየቻቸው።

«መሬት የሚል የለበትም?» አሉ ኦቦ ባጫ።

«ምንጣፍ ነው የሚለው» አለ ዲሪርሳ፤ ቅጹን እያገላበጠ። «ለአንድ ልጅ ሁለት ካሬ ይደርሰዋል ይላል።»

መጀመሪያ የሳቁት አዴ ጠጅቱ ናቸው፤ ከዚያ አውድማው በሙሉ ሳቀ። ዲሪርሳ ችካሉን ለባለቤቱ መለሰለት። «ጋሼ፣ ሁለተኛ እዚህ ሰፈር ችካል ይዘው እንዳይመጡ። ዛሬ በልጆቹ ተረፉ» አለ። ሲናገር እየሳቀ ነበር፤ መልከጼዴቅ ግን አልሳቀም፤ ጭዱ ላይ ቁጭ አለ። ወጣቶቹ በመጡበት መንገድ ሄዱ።

ጥቂት ቆይቶ መልከጼዴቅ ሰዓቱን አየ። «አራት ደቂቃ ከሃምሳ» አለ። «ደንቡ ሦስት ነው የሚለው። ጭዱ ባይኖር አንድ ተኩል ነበር። እንዲህ ያለ ልምምድ የትም አላየሁም፣ ወይዘሮ ዕድላዊት።»

ዕድላዊት ቃሏን አልረሳችም። «ኦቦ ባጫ፣ ነገ እደፍነዋለሁ» አለች።

«በሩን አትንኪው» አሉ ኦቦ ባጫ፤ መሬት መሬት እያዩ። «ጭዱን ወዲያ አዛውረዋለሁ። ግን አልፈርምም። እሱን አትጠይቂኝ።» ይህን ብለው ጭዳቸውን ሊሰበስቡ ሄዱ።

መልከጼዴቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ዕድላዊት ጠጋ አለ። እስከ ዛሬ በሕይወቱ ከቅጹ አንድ መስመር ዝንፍ ያለ ሰው አይደለም፤ ዛሬ ግን ሊረዳት ፈልጓል። «መላ አለው። በሩ የሚከፈትበት ቦታ የሚለው ላይ ባዶ ሜዳ ብዬ ልጻፍ። ባለቤት ከሌለው ፊርማ አይጠየቅም። ሰኞ መጥተው ፈቃድዎን ይወስዳሉ።»

ሰኞ! ዕድላዊት ሙቀት በሰውነቷ ሁሉ ተሰማት። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ሰቅላ፣ ኡሙልኸይር ስትገባ ፊቷን ስታይ ታያት። እስክሪብቶው ቅጹ ላይ ወርዷል። «ባ» ተጻፈ።

«ምን ብሎ ነው የሚጽፈው?» አሉ ኦቦ ባጫ ከወዲያ። ማንበብ አይችሉም። የጠየቁት እሷን ነው።

ዕድላዊት ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። መልከጼዴቅ አይናገርም፣ ሃዋም አልሰማችም። አዛውንቱ ግን መንሻቸውን ተደግፈው፣ ጭዱ ጺማቸው ላይ እንዳለ፣ የምትለውን ይጠብቃሉ።

«ባዶ ሜዳ ሊል ነው» አለች።

ኦቦ ባጫ ያጨዱትን ማሳ ዞር ብለው አዩት።

«ሰርዘው» አለች ዕድላዊት መልከጼዴቅን፤ አንቱታውን ረስታ ነው። «ሰርዘውና የሳቸውን ስም ጻፍ። የሚያርሱት መሬት መሆኑን ጻፍ።»

«የይዞታ ማረጋገጫ አላቸው?»

«የለኝም» አሉ ኦቦ ባጫ። «አባቴም አልነበረውም።»

«እንግዲያው ስማቸውን ከጻፍኩ ቢሮው ማስረጃ አምጪ ይላል። ፋይሉ ይመለሳል። አንድ ወር ይሁን ሦስት ወር አላውቅም፤ ጭራሽ ላይሳካም ይችላል። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል። ይመለስ።» አለች ዕድላዊት። እንደማትጸጸት እርግጠኛ አልነበረችም፤ ግን አለችው።

መልከጼዴቅ ሰውዬውን አየ፤ ማሳውን አየ፤ ጭድ ላይ የሚንከባለሉትን ዘጠኝ ልጆች አየ። «ባ»ዋን ሰርዞ በካርቦን አድርጎ ጻፈ፤ ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበ። «መውጫው በር የሚከፈተው ኦቦ ባጫ ሶያማ ከአባታቸው ወርሰው በሚያርሱት መሬት ላይ ነው። ቦታውን በዓይኔ አይቻለሁ።» ከኮቱ ኪስ ቲተሩን አውጥቶ ስሙን መታበት።

«ድገመው» አሉ ኦቦ ባጫ።

ደገመው።

ኦቦ ባጫ መንሹን ጭዱ ላይ ሰኩ። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ይሁን ጋቢያቸው ላይ ሳያዩ ጠራረጉ። ማንም አልጠየቃቸውም። የእስክሪብቶውን ቀለም አውራ ጣታቸው ላይ ራሳቸው አሽተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከስማቸው ሥር ተጭነው ያዙት። ሲነሡ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር፤ ጭሱ ነው ብለው በእጅጌያቸው ጠረጉት። ከአጥሩ ወዲህ ጭስ አልነበረም።

ፋይሉ እንደተባለው ተመለሰ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። በጥር ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ፤ የዕድላዊት ጉዳይ ግን ገና ነበር። መልከጼዴቅ ሁለቴም «አይቻለሁ» የሚለውን አልሰርዝም ብሎ መልሶ ላከው። ቤቱ በሂደት ላይ ነው ተብሎ ሳይታሸግ ቆየ፤ እናቶቹ በየማታው «መጣ?» እያሉ ይጠይቃሉ። በመጋቢት መጣ። ኡሙልኸይር ግድግዳው ላይ ስታየው ልጇን አቅፋ ክፍሉን ሁለቴ ዞረችው።

የካርቦኑን ቅጂ የወሰዱት ኦቦ ባጫ ናቸው። በሕይወታቸው ስማቸውና መሬታቸው ባንድ ላይ የተጻፈበት ወረቀት እሱ ብቻ ነው። አንዳንድ ከሰዓት ልጆቹ ከእንቅልፍ ሲነሡ በጓሮው በር በኩል መጥተው ደፉ ላይ ይቀመጣሉ፤ ወረቀቱን ከኮታቸው ውስጥ አውጥተው ለዕድላዊት ይሰጧታል። እሷ «መውጫው በር» ብላ ስትጀምር ሚርያም ትቀድማታለች፤ ሌሎቹም ይከተላሉ፤ ዐሥራ ሁለቱም በቃላቸው ይዘውታል። ኦቦ ባጫ ማሳቸውን እያዩ «በዓይኔ አይቻለሁ» እስኪባል ድረስ ያዳምጣሉ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለው፣ አጥፈው፣ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።